«ሶልት»፦ ስለ እንግሊዝኛው ጨውና ስለ ፈሊጦቹ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ደሴ፣ ኮምቦልቻ፣ ሐይቅና ወልድያ ላይ እንግሊዝኛ የሚያስተምሩም የሚማሩም ስለዚህ ቃል ደጋግመው የሚያነሷቸውን ጥያቄዎች ሰብስበናል። ዘመኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

«ሶልት» ከላቲን የመጣ ቃል ነው?

አይደለም። «ሶልት» እንግሊዝኛ ከጀርመንኛ ወገኖቹ ጋር የሚጋራው የቤት ቃል ነው። በጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሴአልት» ይባል ነበር፤ ጀርመኖች ዛሬም «ዛልትስ» ይሉታል። የላቲኑ «ሳል» የ«ሶልት» አባት ሳይሆን የአክስቱ ልጅ ነው፤ ሁለቱም ከአንድ የጥንት ግንድ ወጥተዋል። የሚያደናግረው እንግሊዝኛ ሁለቱንም ቤተሰብ አንድ ጣሪያ ስር ማኖሩ ነው። የቤቱን ቃል ሳይጥል ከላቲን የተወለዱትን በፈረንሳይኛና በጣልያንኛ በኩል ተቀበለ፦ «ሶስ» ማለት በመሠረቱ ጨው የገባበት ነው፤ «ሳላድ» ጨው የተነሰነሰበት ቅጠል ነው፤ «ሶሴጅ» እና «ሳላሚ» በጨው የቆየ ሥጋ ናቸው። «ሳላሪ»ም (ደመወዝ) ከዚሁ ቤተሰብ ነው፤ እሱ ግን ጣጣ ስላለው ለብቻው እናየዋለን።

አነባበቡ ላይ ብዙዎች ይሰናከላሉ። «ሳልት» አይባልም፣ «ሶልት» ነው፤ «ል»ም በግልጽ ይሰማል። «ሳላሪ» ላይ ግን «ሳ» ይመለሳል፣ ጫናውም በመጀመሪያው ክፍለ ቃል ላይ ያርፋል።

የሮም ወታደሮች ደመወዛቸው በጨው ይከፈል ነበር፤ «ሳላሪ» የመጣው ከዚያ ነው ይባላል። እውነት ነው?

ግማሹ እውነት ነው። «ሳላሪ» ከላቲኑ «ሳላሪዩም» መምጣቱ፣ «ሳላሪዩም»ም ጨው ማለት ከሆነው «ሳል» መወለዱ አያከራክርም። ቃሉ በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በፈረንሳይኛ በኩል እንግሊዝኛ ውስጥ ገባ።

ወሬ የሆነው ሁለተኛው ግማሽ ነው። ለወታደር ጨው እየተሰፈረ ይሰጠው ነበር ብሎ በግልጽ የጻፈ የጥንት ሮማዊ የለም። በ79 የቬሱቪየስ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የሞተው ትልቁ ፕሊኒ ስለ ጨው ሲጽፍ «ሳላሪዩም» ስሙን ከጨው እንዳገኘ ይጠቅሳል፤ በጨው ተከፈለ ግን አይልም። የወታደሩ ክፍያ ስሙ ሌላ ነበር፣ «ስቲፔንዲዩም»። በአውግስጦስ ቄሣር ዘመን አንድ እግረኛ ወታደር በዓመት የሚያገኘው 225 ዲናር ነበር፤ ዲናር ደግሞ የብር ሳንቲም ነው። «ለጨው መግዣ የሚሰጥ ገንዘብ» የሚለው ማብራሪያ የኋላ ዘመን መዝገበ ቃላት አዘጋጆች ግምት ነው። ግምቱ መጥፎ አይደለም፣ ግምት መሆኑ ግን ሳይነገር ይቀራል።

ብዙ ጊዜ አብሮ የሚነገር ሌላ ስሕተት አለ፤ «ሶልጀር»ም (ወታደር) ከጨው መጣ ይባላል። «ሶልጀር» የመጣው «ሶሊዱስ» ከተባለው የወርቅ ሳንቲም ነው፤ እሱንም በ4ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ላይ ያስመታው ቆስጠንጢኖስ ነው።

ወሬው እኛ አገር ቶሎ የሚታመንበት ምክንያት አለ። ጨው በእኛ ዘንድ በእርግጥ ገንዘብ ነበር። በ1520ዎቹ ኢትዮጵያን ያየው ፖርቱጋላዊ ቄስ ፍራንሲስኮ አልቫሬዝ አሞሌ ገበያ ላይ እንደ ገንዘብ ሲሠራ አይቶ ልኩን ሳይቀር ጽፏል፤ ርዝመቱ ስንዝር ተኩል፣ ወርዱ አራት ጣት፣ ውፍረቱ ሦስት ጣት። ከሚወጣበት ስፍራ በራቀ ቁጥር ዋጋው እንደሚንርም አስተውሏል። አሞሌ እስከ 20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መግቢያ ድረስ ከማርያ ቴሬዛ ብር ጎን ለጎን ሲገበያዩበት ኖሯል። ስለዚህ «በጨው መክፈል»ን ለማስረዳት መምህሩ ሮም ድረስ መሄድ አያስፈልገውም፤ የባቲ የጨው ገበያ ይበቃዋል።

የእኛው «ደመወዝ» ደምና ወዝ ተብሎ ሲተነተን እንሰማለን። ለክፍል ውስጥ ንጽጽር ጥሩ ነው፦ እንግሊዙ ክፍያውን በጨው ስም ጠራው፣ አማርኛ ተናጋሪው ሠራተኛው ባፈሰሰው።

«ወርዝ ሂዝ ሶልት» ምን ማለት ነው? በአማርኛስ ምን እንበለው?

ለሚከፈለው፣ ለሚበላው የሚመጥን፣ ሙያውን የሚያውቅ ሰው ማለት ነው። ፈሊጡ በጽሑፍ የሚገኘው ከ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ ነው። ከሮም ጋር ያለው ርቀት ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ስለሆነ፣ የወታደሮቹን ወሬ በዚህ ፈሊጥ ማስረገጥ አይሆንም።

ብዙ ጊዜ የሚገባው «ማንኛውም» ከሚል ቃል ጋር ነው። «ኤኒ ዊቨር ወርዝ ሂዝ ሶልት» ሲል እንግሊዙ፣ እኛ «ሸማኔ ነኝ የሚል ሰው» እንላለን፦ «ሸማኔ ነኝ የሚል ሰው የላላ ድር በጣቱ ነክቶ ያውቃል።» ይህ «ነኝ የሚል» ከሞከርናቸው ትርጉሞች ሁሉ የተሻለው ነው። «ጨውን የሚያህል» ወይም «የጨው ዋጋ ያለው» ብሎ የተረጎመ ሰው አንባቢውን ጨው ረከሰ ወይስ ተወደደ እያሰኘ ያስቀረዋል።

ሁለት ስሕተቶች ይደጋገማሉ። አንደኛው «ወርዝ» በማለት ፈንታ «ወርዚ» ማለት ነው፤ «ወርዚ» ሌላ ቃል ነው፣ «ኦፍ»ም ያስከትላል። ሁለተኛው ተውላጠ ስሙን አለማስማማት ነው፤ ለሴት «ኸር»፣ ለብዙ «ዜር» ይሆናል። ሌላም አለ፦ «የበላበትን ወጭት ሰባሪ» የዚህ ፈሊጥ ተቃራኒ ይመስላል፣ ግን አይደለም። የእኛው ውለታ ቢስነትን ነው የሚወቅሰው፤ እንግሊዝኛው ሙያን ይመዝናል። ውለታ ቢስ ሆኖ ሙያተኛ የሆነ ሰው ሞልቷል።

«ቴክ ኢት ዊዝ ኤ ግሬይን ኦፍ ሶልት» ለምን «አትመን» ማለት ሆነ? ጨውና ጥርጣሬን ምን አገናኛቸው?

ታሪኩ የሚጀምረው ከመድኃኒት ነው። በጥቁር ባሕር ዳር የነበረው የጳንጦስ ንጉሥ ሚትሪዳጥስ መርዝ አጥብቆ ይፈራ ነበር። በ63 ቅድመ ልደተ ክርስቶስ ከሞተ በኋላ ያሸነፈው የሮም ጦር አዛዥ ፖምፔይ ከንጉሡ ሣጥን ውስጥ በገዛ እጁ የጻፈውን የማርከሻ ቅመማ አገኘ ይባላል። ያቆየልን ፕሊኒ ነው። ቅመማው ይህ ነው፦ ሁለት ደረቅ ዋልነት፣ ሁለት በለስ፣ ሃያ የጤና አዳም ቅጠል፤ አብሮ ይወቀጥና አንድ ቅንጣት ጨው ይጨመርበታል። በባዶ ሆድ የወሰደው ሰው ያን ዕለት መርዝ አይነካውም ይላል። (ማንም እንዳይሞክረው፤ መርዝ አያረክስም።)

በለስ ሲባል እዚህ የቁልቋሉ ፍሬ እንዳይመስላችሁ፤ የሾላ ዘመድ የሆነውና በመጽሐፍ ቅዱስ የምናውቀው በለስ ነው። ጤና አዳሙ ግን ከእኛው ጤና አዳም ጋር አንድ ወገን ነው። የወሎን ቡና ለሚያውቅ ሰው ዝርዝሩ እንግዳ አይሆንበትም፤ በገጠሩ ሲኒ ላይ ቁንጥር ጨው ጣል የሚያደርግ፣ የጤና አዳም ዘንጣፊ የሚነክር ብዙ ነው። ከአራቱ ሁለቱ ረከቦት ላይ ተገኙ ማለት ነው።

ፕሊኒ የጻፈው እውነተኛውን ጨው ነው፤ ፌዝም ጥርጣሬም የለበትም። «ከቅንጣት ጨው ጋር» የሚለው ሐረግ በኋላ በላቲን በሚጽፉ ሊቃውንት ዘንድ ትርጉሙን ቀይሮ፣ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ እንግሊዝኛ ውስጥ «ሙሉ በሙሉ ሳታምን ተቀበል» ሆኖ ታየ። ማብራሪያው ሁለት ነው። አንደኛው፣ የማይዋጥ ነገር በጨው ይዋጣል፤ የማይታመን ወሬም እንዲሁ። ሁለተኛው፣ በላቲን «ሳል» ጨው ብቻ ሳይሆን ብልሃትና ንቃትም ማለት ነው፤ ስለዚህ ሐረጉ «በቅንጣት ማስተዋል» ይሆናል። እኛን የሚያሳምነን ሁለተኛው ነው፤ ሐረጉን ያዛወሩት ላቲን አዋቂዎች የቃሉን ሁለት ፊት ያውቁት ነበርና።

«ግሬይን» ነው ወይስ «ፒንች»?

ሁለቱም ልክ ነው። አሜሪካኖች «ግሬይን»፣ እንግሊዞች «ፒንች» ያዘወትራሉ። በእጅ ሲታይ ግን ልዩነት አለው። አሞሌ ሰብራችሁ ከፍርፋሪው አንዷን ጠጠር መዳፍ ላይ አስቀምጡ፤ እሷ «ግሬይን» ናት፣ ቅንጣት። አሁን አውራ ጣትና ሌባ ጣታችሁን አጋጥማችሁ ከዱቄቱ ቆንጠር አድርጉ፤ ያ «ፒንች» ነው፣ ቁንጥር።

«ግሬይን» እህልም ማለት ስለሆነ «የጨው እህል» የሚል ትርጉም ፈተና ወረቀት ላይ በብዛት ይታያል። በዚህ ቦታ ቅንጣት እንጂ እህል አይደለም።

ለዚህ ፈሊጥ የሚሆን አማርኛ የቱ ነው?

«ጨው ጨምርበት» እንዳትሉ። ትርጉሙ ይገለበጣል። በእኛ ዘንድ ወሬ ላይ ጨውና ቅመም የሚጨምረው ተናጋሪው ነው፤ «ቅመም እየጨመረ ያወራል» ስንል ያጋንናል ማለታችን ነው። በእንግሊዝኛው ግን ጨዉን የሚይዘው ሰሚው ነው። አንዱ ወሬውን ሲያሳብጥ ሌላው ያስተነፍሰዋል።

የሚስማማው «መላ ጨምርበት»፣ «ሁሉንም አትዋጠው»፣ ወይም እንደ አገባቡ «እስቲ ቆይ፣ ይጣራ» ነው። ለምሳሌ ሰኞ ገበያ ውሎ የመጣ ሰው «የሚቀጥለው ሳምንት ጤፍ በግማሽ ይረክሳል» ቢል፣ እንግሊዙ ፈሊጡን ይጠቀማል፤ የደሴ ሰው ደግሞ «እሱ ያለውን ሁሉ አትዋጠው» ይላል። ልብ በሉ፦ በጨው የሚወሰደው ንግግሩ ነው፣ ሰውዬው አይደለም። «እገሌን በጨው ውሰደው» ከተባለ ቋንጣ ሊደረግ ነው።

ግሡ ሁልጊዜ «ቴክ» ነው። «ኢት» (ብላ) ወይም «አድ» (ጨምር) ማለት ፈሊጡን ወደ ማዕድ ቤት ይመልሰዋል።

«ራብ ሶልት ኢንቱ ዘ ዉንድ» ከ«በእንቅርት ላይ ጆሮ ደግፍ» ጋር አንድ ነው?

አይደለም። እንግሊዝኛው፣ ቁስል ላይ ጨው ማሸት፣ አድራጊ አለው፤ የተጎዳውን ሰው ሆን ብሎም ሆነ ሳያስብ የሚያንገበግበው ሌላ ሰው ነው። ልክ የሚሆነው «በቁስሉ ላይ እንጨት ሰደደበት» ነው። እንቅርትና ጆሮ ደግፍ ግን ማንም ሳያደርሳቸው የተደራረቡ መከራዎች ናቸው።

«ጨው ለራስህ ስትል ጣፍጥ፣ አለዚያ ድንጋይ ነህ ብለው ይጥሉሃል» የሚለውን ምሳሌያዊ አነጋገር ለፈረንጅ ስተረጉምለት አይገባውም። ምን ላድርግ?

ያልገባው ጨዉን በዓይነ ኅሊናው ሌላ አድርጎ ስለሚያየው ነው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ «ሶልት» ሲባል የሚታየው በቀዳዳ ክዳን የሚነሰነስ ነጭ ዱቄት ነው። ዱቄት ደግሞ ድንጋይ ነህ ተብሎ አይጣልም፤ ምሳሌው እዚያ ላይ ይፈርስበታል። ይህን የተናገሩ ሰዎች የሚያዩት አሞሌ ነበር። አፋሮች ከቆላው በግመል ጭነው የሚያወጡት፣ ባቲ ሰኞ ገበያ ላይ እንደ ጡብ የሚደረደረው፣ ግራጫ የወረሰው፣ በመዶሻ ተፈልጦ በሙቀጫ የሚወቀጠው ጨው። ከሩቅ ያየው ሰው ከተጠረበ ድንጋይ አይለየውም። ልዩነቱ ምላስ ላይ ብቻ ነው፤ ለዚህ ነው «ጣፍጥ» የተባለው። ሰው ካልቀመሰው ከብት ይልሰዋል፤ ጭራሽ ካልጣፈጠ ግን ከአጥር ድንጋይ ጋር ይቆጠራል።

ስለዚህ ስትተረጉሙ «ሶልት» ብቻ አትበሉ፤ «ብሎክ ኦፍ ሶልት» ወይም «ባር ኦፍ ሶልት» በሉ። «ሶልት ስቶን» አይመከርም፤ ድንጋይነቱን አስቀድማችሁ ስለምትናገሩበት የምሳሌው መጨረሻ ይባክናል። ከዚያ አንዲት ዓረፍተ ነገር ጨምሩ፦ በእኛ አገር ጨው ይሸጥ የነበረው በጠፍጣፋ ድንጋይ አምሳል ነው። ይህን ከሰማ በኋላ ሌላ ማብራሪያ የሚጠይቅ ፈረንጅ እምብዛም አይገኝም።

«ሶልት ኦፍ ዚ ኧርዝ» እና «የምድር ጨው» አንድ ናቸው?

ምንጫቸው አንድ ነው፣ ማቴዎስ 5፥13። ጨው አልጫ ከሆነ ወደ ውጭ ይጣላል የሚለው የጥቅሱ ቀጣይ ክፍልም ከላይ ካየነው ምሳሌ ጋር ይገጥማል። አጠቃቀሙ ግን ተለያይቷል። የዛሬው እንግሊዝኛ «ሶልት ኦፍ ዚ ኧርዝ» የሚለው ለትሑት፣ ለማይኩራራ፣ ሠርቶ ለሚያድር ደግ ሰው ነው፤ የሃይማኖት ቃና የለውም። የወሎ ክፍል ውስጥ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም አብሮ ስለሚቀመጥ ይህን መናገሩ ይጠቅማል፤ ፈሊጡን ለሸህም ለቄስም ለገበሬም ማለት ይቻላል። ለባለሥልጣን ሙገሳ ሲሆን ግን ተጠንቀቁ፤ ትልቅነቱን ሳይሆን ተራ ሰውነቱን ማመስገን ነው የሚሆነው።

«ቢሎው ዘ ሶልት» መቀመጥ ምንድን ነው?

ዝቅ ያለ ቦታ መቀመጥ ነው። በድሮ እንግሊዝ መኳንንት ቤት ረጅሙ ገበታ ላይ ትልቅ የጨው ዕቃ ይቀመጥ ነበር። ከእሱ በላይ፣ ወደ ጌታው የቀረበው የከበረ እንግዳ ነው፤ ከእሱ በታች የተቀመጠው አነስተኛው። ግብር ላይ ማን ከማን በላይ ይቀመጥ የሚለው ጉዳይ ለእኛ አዲስ አይደለም፤ እነሱ ድንበሩን በጨው አሰመሩት እንጂ።

የጨው ዕቃው ስም ራሱ አስቂኝ ነው። «ሶልት ሴላር» ይባላል፤ «ሴላር» ግን ምድር ቤት ከሚባለው «ሴላር» ጋር ዝምድና የለውም። ከፈረንሳይኛ የመጣ ቃል ሲሆን ብቻውን የጨው ዕቃ ማለት ነበር። ሰው ትርጉሙን ሲረሳው «ሶልት» ተጨመረበት፤ አሁን በቁሙ ሲተረጎም «የጨው የጨው ዕቃ» ነው።

«ሶልት አዌይ» ሲባልስ?

ገንዘብን ቀስ በቀስ ማስቀመጥ ነው፤ ብዙ ጊዜ ሰው ሳያይ። መነሻው ሥጋን በጨው ማቆየት ነው፤ ቋንጣ የሰቀለ ሰው ሳይነገረው ይገባዋል። ከዚህ የማይገናኝ ሌላ አጠቃቀም አለ፦ የማዕድን ጉድጓድን «ሶልት» ማድረግ፣ ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ወርቅ በትኖ ለገዢ ማሳየት ነው። ማጭበርበር መሆኑ ነው።

ጨው በእንግሊዝኛ ይቆጠራል?

የሚበላው አይቆጠርም። «ቱ ሶልትስ» አይባልም። በቅንጣት፣ በቁንጥር፣ በማንኪያ ወይም በአሞሌ ትቆጥሩታላችሁ። «ሶልትስ» የሚለውን ኬሚስትሪ ክፍል ብታገኙት ስሕተት አይደለም፤ እዚያ ጨው ማለት አሲድና ቤዝ ሲገናኙ የሚፈጠር የውሁዶች ወገን ነው።

«ጨዋ» ከ«ጨው» የመጣ ነው? ከሆነ «ሶልቲ» ብዬ ልተርጉመው?

የመጀመሪያውን በጥንቃቄ፣ ሁለተኛውን በፍጹም። ጨዋ ሰው እንደ ጨው የሚያጣፍጥ ነው የሚለው ትንታኔ ለጆሮ ይጥማል። ነገር ግን በመካከለኛው ዘመን ዜና መዋዕሎች ውስጥ ጨዋ የሚባሉት የንጉሥ ጭፍሮች ናቸው፤ ግእዝም ምርኮን «ፄዋ» ይላል። ቃሉ ከዚያ ወገን ለመሆኑ ማስረጃው ከጨው ይልቅ ይጠነክራል። በቆየው አማርኛም ጨዋ ማለት ያልተማረ፣ ካህን ያልሆነ ማለት ነበር፤ ይህ ደግሞ ከማጣፈጥ ጋር አይሄድም። እንግዲህ የሮም ወታደሮችን ወሬ የምንጠራጠር ከሆነ የራሳችንንም በዚያው ቅንጣት ጨው መውሰድ ነው።

«ሶልቲ» ግን ሌላ ዓለም ነው። ስለ ምግብ ከሆነ ጨው የበዛበት፣ ስለ ንግግር ከሆነ ብልግና ያለበት ማለት ነው። ወጣቶች ስልክ ላይ የሚጽፉት «ሶልቲ» ደግሞ በሽንፈቱ ወይም በቀረበት ነገር የተናደደ፣ ያኮረፈ ሰው ነው፤ ከጥቁር አሜሪካውያን አነጋገር የወጣ ሲሆን ከ1930ዎቹ ጀምሮ በጽሑፍ ይገኛል። ስለዚህ «አባቴ ጨዋ ሰው ነው» ለማለት «ማይ ፋዘር ኢዝ ኤ ሶልቲ ማን» ብሎ የጻፈ ተማሪ አባቱን አኩራፊ ወይም ባለጌ አድርጎታል። አብሽሩ፣ መፍትሔው ቀላል ነው፦ ለጠባይ «ዌል ማነርድ»፣ ለአኗኗር «ዲሰንት» ይበቃል፤ ለጥንቱ የቤተ ክህነት አጠቃቀም ደግሞ «ሌይማን»።